ምክትሉ እኔ ብሆን ኖሮ

ወልደሰማያት ሚዛን ጠጋኝ ነው። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ከሚጠብቁበት ማዶ፣ አንድ በር ያላት ሱቅ አለችው። የቡና ነጋዴው፣ የማር ነጋዴው፣ የሥጋ ቤቱ ሚዛን መዋሸት ሲጀምር የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ሚዛኑን ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ታዲያ፣ ወደደም ጠላም፣ አንድ ወሬ ሳይሰማ አይመለስም።

«ምክትሉ እኔ ብሆን ኖሮ» ይላል ወልደሰማያት የሚዛኑን ሆድ ከፍቶ አቧራውን እፍ እያለ፣ «ተክለጻድቅ እስከ ዛሬ ፕሬዚዳንት ነበር።»

ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ከሆነ «የየት አገር ፕሬዚዳንት?» ብሎ ይጠይቃል። የቀይ እሸት ነው። ቀይ እሸት የጅማና የሸቤ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ያቋቋሙት የእግር ኳስ ክለብ ነው። ደንቡ «ፕሬዚዳንቱን ጉባኤው ይመርጣል፤ ምክትሉን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል» ይላል። ወልደሰማያትን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንገበገበችው ይቺ የኋለኛዋ መስመር ናት።

ሰውዬው ሲፈጥረው ነገር አይረሳም። ሌላው ቡና እስኪወደድ ጆንያ ሲያስቀምጥ እሱ ቂም ያስቀምጣል፤ ሲወደድም አይሸጠው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ጠመኔ አምጣ ብሎ ልኮት፣ ሲመለስ «የት ጠፍተህ ነው» ብሎ ከክፍል ያባረረውን አስተማሪ፣ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት በቀረው በዛሬው ቀን እንኳ በስሙ እየጠራ ይወቅሰዋል። ትምህርቱን ያቋረጠው በዚያ ምክንያት ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። የሰበካ ጉባኤው ስሙን «ወልደማርያም» ብሎ የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ሣጥኑ ውስጥ አኑሮታል። በተክለጻድቅ ልጅ በናዝራዊት ሰርግ ላይ ደግሞ ሳህን ይዞ የሚገባው የሚወጣው ሁሉ ትከሻውን እየገፋው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጡት። «በር ጋ» ይላል። «እኔን፣ በር ጋ።»

የምክትልነቱ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል።

ተክለጻድቅ የብረታ ብረት መደብር ያለው፣ ከወልደሰማያት ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ፣ ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት በሙሉ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከተማው ሁሉ «ምክትሉማ ወልዴ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን» አለ። ወልደሰማያትም በአፉ «እኔ ምን በወጣኝ» ቢልም ቡላ ኮቱን አሳጠበ። ሹመቱ በሚነገርበት እሑድ የት እንደነበረ ሳይቀር ያስታውሳል፤ አንድ ቡና ላኪ ትልቁ ሚዛኔ ተበላሸ ብሎት መጋዘኑ ውስጥ ተንበርክኮ ሲሠራ ዋለ። አጠገቡ የቡና መቀሸሪያው ማሽን ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ የደወለለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ጩኸት መሐል የት እንደሚሆን ጠየቀው፣ ነገረው፣ ስልኩ ተቋረጠ። ማታ ቤቱ ሲገባ ምክትሉ ፍሬዘር መሆኑን ሰማ።

ፍሬዘር ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው። ጫማው ሾጣጣ፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ፣ «በሲስተም» የምትል ቃል ካልጨመረ ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ። ተክለጻድቅን ያወረደውም ያው ሲስተም ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ቡና ተለቅሞ ሲያበቃ፣ ቀይ እሸት በዙሪያው ያሉትን የቡና ከተሞች ጠርቶ ሸቤ ላይ ውድድር አዘጋጀ። ላሸነፈ ሰንጋ ይሸለማል ተባለ። ሰንጋውን መግዛት የምክትሉ ሥራ ነበር። ምክትሉ የከብት ገበያ መውረዱን እንደ ኋላቀርነት ቆጠረና በስልክ በተላከለት ፎቶ ገዛ። ፎቶውን ያነሣው ሰው መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ከብቱ ቀንዱ ደመና የነካ ይመስል ነበር። በፍጻሜው ቀን ሕዝብ ሜዳውን ከቦ ሲጠብቅ አይሱዙው መጣ። የኋላው በር ተከፈተ። ከውስጥ የበረኛው ጉልበት ላይ የማይደርስ ነገር ዘሎ ወረደና «እምቧ» አለ።

ከሜዳው ዙሪያ «ጀቢ! ጀቢ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ጀቢ በኦሮምኛ ጥጃ ነው። ያሸነፈው የአጋሮ ቡድን አምበል ሽልማቱን እንደ ዋንጫ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሜዳውን ዞረ፤ ፎቶውም ከሊሙ እስከ ሸቤ ከስልክ ስልክ ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ ተክለጻድቅ በመንገድ ባለፈ ቁጥር ባጃጅ ነጂው «እምቧ» ይላል፣ ሊስትሮው «እምቧ» ይላል። በሰባተኛ ወሩ ሥልጣኑን ለቆ ወደ ሚስማሩና ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ።

«እኔ ብሆን» ይላል ወልደሰማያት እዚህ ሲደርስ፣ «ሚዛን ላይ ያልወጣ ከብት አልቀበልም። አለቀ።»

ከተክለጻድቅ ጋር አልተኳረፉም። ከኩርፊያ የባሰ አደረገ፤ «እርስዎ» ይለው ጀመር። እርስዎ ከታናሽ ሲመጣ ክብር ነው፤ አብሮህ ወንዝ ከዋኘ እኩያህ ሲመጣ ግን በር ፊትህ ላይ እንደመዝጋት ነው። «ጤና ይስጥልኝ አቶ ተክለጻድቅ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይለዋል። ተክለጻድቅ ጥፊ እንደቀመሰ ሰው ትንሽ ቆም ይልና «ደህና» ብሎ ያልፋል። ወልደሰማያት ይህን ሲያይ «የበደለ ሰው ዓይን እንዲህ ነው» ይላል በሆዱ።

በዘንድሮው ጥር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጎረቤቱ ከድጃ በሩ ላይ ቆመች። ከድጃ ከሱቁ ቀጥሎ ኮረሪማና ማር የምትሸጥ፣ የቀይ እሸት ጨዋታ ካለ ሱቋን ዘግታ የምትሄድ ሴት ናት።

«ጋሼ ወልዴ፣ ሰሙ? ጀቢው ተመልሶ መጣ።»

«የቱ ጀቢ?»

«ፕሬዚዳንቱ ነዋ። ትናንት ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ተሰብስበው መልሰው መረጡት። ወላሂ፣ እጁን ያላወጣ ሰው የለም።»

ወልደሰማያት መፍቻውን አስቀመጠ። «ምን ነክቷቸው?»

«ከእሱ ወዲህ ሦስት ሰው ተፈራረቀ፤ አንዱም አላሳቀንም። ደግሞ ቡድኑ በሊጉ ጨዋታ በእሱ ጊዜ ነው ያሸነፈው።»

«ምክትሉስ?»

«እሑድ ሸቤ ላይ፣ ውድድሩ ሲከፈት ይናገራል አሉ።» ትኩር ብላ አየችው። «ምነው ላብ በላብ ሆኑ?»

«ሙቀት ነው።»

«ኮቱን ልውሰድልዎት? ላውንደሪው በዚያ በኩል ነው መንገዴ።»

«አንቺ ሴት፣ ኮረሪማሽን ዝንብ ወረረው።»

«ኮረሪማ ዝንብ አይወድም» አለችና ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አንሥታ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት የሸቤ ሚኒባስ ረዳት አንድ ፖስታ አምጥቶ ወረወረለት። መነጽሩን ፈልጎ ስላጣ ከድጃ አነበበችለት።

«‹ለሚዛን ጠጋኙ። ጉዳዩ፦ ሚዛን ስለማስተካከል። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሸቤ ቡና መጋዘን ተገኝተው ሚዛኑን እንዲያስተካክሉልንና ለሽልማት የቀረበውን ሰንጋ በሕዝብ ፊት እንዲመዝኑልን እንጠይቃለን።› ማኅተም አለው። ተክለጻድቅ ብሎ ፈርሟል።»

«ስሜስ?»

«ስም የለውም። ‹ለሚዛን ጠጋኙ› ነው የሚለው።»

«አየሽ? ለመፍቻው ነው የጻፉት። መፍቻ ስም የለውማ።»

«ኧረ እዚህ ሰፈር ከእርስዎ ሌላ ሚዛን ጠጋኝ አለ?»

«አልሄድም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።»

«ጠርተውዎት፣ ልከውብዎት፣ ወረቀቱ ይኸው እጄ ላይ ነው።»

«የጠሩት ሚዛኑን ነው፤ እኔን አይደለም።»

ከድጃ ወረቀቱን አጥፋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ኮቱ ታጥቦና ተተኩሶ መጥቷል። «ጋሼ ወልዴ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ሚዛን ላይ ያልወጣ ከብት አልቀበልም› ሲሉን ከረሙ። አሁን ከብቱን ሚዛን ላይ ሊያወጡልዎት ነው። ከቀሩ ከሰኞ ጀምሮ ምን ሊያወሩን ነው?»

ወልደሰማያት መነጽሩን መፈለግ ቀጠለ። ሌሊቱን ግን አንድ ነገር ቆረጠ። ሄዶ ይመዝናል፤ መዝኖ ሲጨርስም ያችን ስድስት ዓመት በጉሮሮው ያቆያትን ጥያቄ በሰው ፊት ይጠይቃል። ምክትልነቱ ቀርቶበት ምክንያቱን ይወቅ።

እሑድ ጠዋት መሞከሪያ ብረቶቹን በከረጢት አድርጎ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር አስገባ። ከድጃም የቀይ እሸትን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ አጠገቡ ተቀመጠች። ሸቤ ሲደርሱ የመጋዘኑ ደጅ ላይ ሁለት ሰዎችና አንድ ተራራ ቆመው ጠበቋቸው። አንዱ ሰው ተክለጻድቅ ነው። ሌላው አባቦራ ነው፤ የሸቤ ቡና አምራች፣ የክለቡ ሽማግሌ፣ ነጭ ቆብ አድርጎ ገመድ የያዘ። ተራራው ሰንጋው ነው።

«መጣህ» አለ ተክለጻድቅ።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ተክለጻድቅ። ለሚዛን ጠጋኙ የጻፉለት ደብዳቤ ደርሶታል።»

ተክለጻድቅ እንደ ልማዱ ቆም አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ከብቱ አመለከተ። «አላወቅከውም?»

«ከብት ዘመድ የለኝም።»

«ጀቢው ነው።»

ወልደሰማያት ከብቱን ከቀንዱ እስከ ጭራው አየው።

«የአጋሮው አምበል እናት እንዲህ ያለ ሕፃን አይታረድም ብለው አሳደጉት» አለ ተክለጻድቅ። «ሄጄ ለመንኳቸው፣ ሰጡኝ። በዚህ ከብት ነው የወረድኩት፤ የምመለሰውም በዚሁ ነው። ግን ከእኔ የመጣ ከብት ሲያይ ሕዝቡ የገዛ ዓይኑን አያምንም፤ ደግሞ ምን ሊያሳየን ነው ይላል። ያንተን ሚዛን ግን ያምናል።»

ይቺ ንግግር ወልደሰማያትን ከደረቱ ላይ የሆነ ቦታ ነካችው። እንዳይታወቅበት ጎንበስ ብሎ የጆንያ መመዘኛውን ፈታ። አራት ኪሎ ያጭበረብራል። ሞላዋን አጠበቀ፣ ብረቶቹን አወጣ አወረደ፣ እንደገና ሞከረ። መርፌዋ ቀጥ ብላ ስትቆም መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። እስኪመዝን ሊጠብቅ ቆርጦ ነበር፤ አፉ ግን ቀደመው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት አቶ ተክለጻድቅ። ያኔ ፎቶ ኮፒ አንሺውን ሲሾሙ እኔ ምን ጎድሎኝ ነው? ስምንተኛ ክፍል ስለሆንኩ ነው?»

ተክለጻድቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። «መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለምንድን ነው እንቢ ያልከኝ?»

«ማን? እኔ?»

«ምን በድዬው ነው እያልኩ ስድስት ዓመት አሰብኩ። እንቢታህ ሳያንስ ደግሞ እርስዎ ትለኝ ጀመር።»

«ማን ጠይቆኝ ነው እንቢ ያልኩት?»

«ኢጆሌ፣ ረጋ በሉ» አለ አባቦራ፣ ሁለቱንም እንደ ልጆች እያየ። «የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ተክለጻድቅ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ስልክ ደውዬልህ።»

«እርስዎ ደውለውልኝ አያውቁም፣ አባቦራ።»

«ደውያለሁ። እሑድ ረፋድ ላይ። ከጀርባህ ማሽን እንደ ጅብ ይጮኻል።»

ወልደሰማያት የመጋዘኑ አቧራ፣ የተንበረከከበት ሲሚንቶ፣ ትከሻውና ጆሮው መሐል የሰካት ስልክ አንድ በአንድ መጡበት። «የት ትሆናለህ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ?»

«የት ትሆናለህ አላልኩም። ‹ምክትል ትሆናለህ?› ነው ያልኩህ።»

ሰንጋው ያመነዥካል።

«እና... ምን መለስኩ?»

«‹ላኪ› አልከኝ። አልሰማኝም ብዬ ደግሜ ጠየቅኩህ። ‹ላኪ! ላኪ!› ብለህ ጮህክብኝ። ሰው በገዛ ቋንቋዬ ሦስት ጊዜ አይሆንም ካለኝ፣ ምን ላድርግ? ለተክለጻድቅ ‹አይፈልግም፣ ያውም እየተቆጣ› አልኩት።»

ቀድሞ የገባት ከድጃ ናት። የሻርፏን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ላኪ ቤት ነበርኩ» አለ ወልደሰማያት ቀስ ብሎ። «ቡና ላኪው መጋዘን። የት ትሆናለህ ያሉኝ መስሎኝ፣ ‹ላኪ ጋ ነኝ፣ ላኪ› ነው ያልኩት።»

ዕድሜውን ሙሉ ጅማ የኖረ ሰው ነው። ከገበሬ ጋር ሲከራከር ኦሮምኛው ከአማርኛው ይፈጥናል፤ ላኪ ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ከስሙ እኩል ያውቀዋል። ግን የራሱን ቃል በሌላው ሰው ጆሮ የሚሰማ ማን አለ?

መጀመሪያ የሳቀው አባቦራ ነው፣ ቆቡ እስኪወድቅ። ተክለጻድቅ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ጠረገ። «ስድስት ዓመት» ይላል፣ «አንድ ቡና ላኪ አወረደኝ በሉኛ።» ከድጃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወልደሰማያት ብቻ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ እንደሄደበት ቤት ባዶ ሆኖ ቆመ። ቂሙን ሲፈልገው ቦታው ላይ የለም።

«ቢሆንም» አለ በመጨረሻ፣ «ምክትሉ እኔ ብሆን ኖሮ...»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን እስከ መጨረሻው አሰበው። እሱ ምክትል ቢሆን ደህና ሰንጋ ይመጣ ነበር። አራት መቶ ኪሎ ይሞላ ነበር። በዚያው ምሽት ይታረድ፣ ይበላ፣ ይረሳ ነበር። ተክለጻድቅ ዘመኑን ጨርሶ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ይሄድ ነበር፤ ተመለስልን የሚለውም አይኖርም። ይኸኛውም አጋሮ ሣር እየጋጠ አያድግም።

«ሰንጋው ያኔውኑ ይበላ ነበር» አለ፣ እንደ ቅሬታ።

«አዎ» አለ ተክለጻድቅ። «እኛም በሁለተኛው ወር እንጣላ ነበር።»

«በመጀመሪያው» አለች ከድጃ ከመሬት።

በዚህ መሐል ሕዝቡ መጣ። ልጅ አዋቂው፣ የአጋሮ ደጋፊ፣ የሊሙ ደጋፊ፣ መጋዘኑን ከበበ። ከኋላ አንዱ «እምቧ» ሲል ተሰማ። የጆንያ ሚዛን ሰንጋ ሙሉውን አይችልም፤ ወልደሰማያት ይህን አስቦ መጥቷል። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን፣ ከዚያ የኋላዎቹን መዝኖ መደመር ነው። አባቦራ ገመዱን ሳበ፤ ከብቱ እንደ ምንም ሁለቱን የፊት እግሮች ሚዛኑ ላይ አሳረፈ። መርፌዋ ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመች። ወልደሰማያት ጮክ ብሎ አነበበው፤ «እምቧ» ያለው ሰው ጸጥ አለ።

አባቦራ በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው ስልኩን ከኪሱ አወጣና ለከድጃ ሰጣት። «ይኸው፣ ስልክ የለም። ማሽንም የለም። ፊት ለፊት ነው ያለነው። ወልደሰማያት፣ ምክትል ትሆናለህ?»

ወልደሰማያት ለዚህች ቀን ስድስት ዓመት ሙሉ ተለማምዷል። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ «እስቲ ላስብበት» ይላል። ሦስተኛው ልመና ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅር እያለው ይቀበላል። ግን ሁለት እግሩን ሚዛን ላይ ያደረገ ሰንጋ ልመና እስኪያልቅ አይቆምም፤ ያውም ማመንዠኩን አቁሞ ዙሪያውን ማየት ጀምሯል።

«መጀመሪያ የኋላ እግሩን እንመዝን» አለ።

አባቦራ ወደ ተክለጻድቅ ዞረ። «ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው? እኔ ከእንግዲህ የዚህን ሰው መልእክት አላደርስም።»

«ቶሌ ማለት ነው» አለ ወልደሰማያት፣ ዓይኑን ከመርፌዋ ሳያነሣ። «በአማርኛም እሺ ነው። ተክሌ፣ አንተ ደግሞ ቆመህ አትየኝ። ጭራውን ያዝ።»

ተክለጻድቅ አሁንም ቆም አለ፤ እንደ ወትሮው ግን አልነበረም። የጉባኤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭራውን ያዘ። የኋላ እግሮቹ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መዘኑ። አዲሱ ምክትል ደምሮ አራት መቶ ሰባ አንድ ሲል መጋዘኑ በ«ጀቢ! ጀቢ!» ተናጋ፤ ቃሉ ያው የድሮው ነው፤ ጭብጨባ ግን ተጨምሮበታል።

ሰኞ ጠዋት ከድጃ ሱቋን ስትከፍት ወልደሰማያት ቀድሟት ተቀምጧል። የአንድ ሥጋ ቤት ሚዛን ፈትቶ ለባለሚዛኑ ያወራለታል።

«ምክትል ብለው ከሾሙኝ በኋላ» ይላል፣ «የክብር ወንበሬን የት እንዳስቀመጡት ታውቃለህ? በር ጋ።»

«ጋሼ ወልዴ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ምን በር አለ?» አለች ከድጃ ብቅ ብላ።

«ጎሉ በር አይደለም? ከበረኛው ጀርባ ነው የጎለቱኝ። ሁለት ጊዜ ኳስ መታኝ። አንደኛው እዚህ ጋ፣ ይኸው እዪው፤ አሁንም ቀይ ነው።»

«እንግዲያው ይልቀቁላቸዋ ምክትልነታቸውን።»

ወልደሰማያት የሚዛኑን ሆድ እፍ አለና ቀና ብሎ አያት።

«ላኪ» አለ።